የመስቀል ወፍን ማን ያሳየው?

«የመስቀል ወፍ ሆንክብን!» ተብሎ ያልተወቀሰ ሰው ማግኘት ይከብዳል። በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ የሚሰወር ዘመድ የሚቀበለው ወቀሳ ነው። አዲስ አበባ፣ አቃቂ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያደገው የአሥራ አንድ ዓመቱ የእህቴ ልጅም ወቀሳውን ያውቃል፤ እንዲያውም ለእኔው ለአጎቱ ተጠቅሞበታል። ወፉን አይተኸው ታውቃለህ ብዬ ስጠይቀው ግን ሳቀ። የእውነት ወፍ አልመሰለውም ነበር፤ እንደ ጭራቅ ያለ የተረት ነገር መስሎት ኖሯል።

ሳያየው ቀርቶ አይደለም። ከሕንፃዎቹ ጀርባ ሳይታረስም ሳይገነባም በቀረው ሣር ላይ በየመስከረሙ ደማቅ ላባ ለብሰው የሚዘልሉ ጥቃቅን ወፎች አሉ፤ አንዳንዱ ጥቁርና ቢጫ፣ አንዳንዱ ቀይ፣ አንዳንዱ ከራሱ የሚረዝም ጅራት የሚጎትት። ሕዝቡ የመስቀል ወፍ የሚላቸው እነዚህን ነው። ብሂሉም ቢሆን ግማሽ እውነት ብቻ ነው የያዘው፤ ወፉ የትም አልሄደም። ወንዱ ክረምቱ ሲያበቃ ለሴቷ ብሎ ያጌጣል፣ የመራቢያው ወራት ሲያልፍ ጌጡን አውልቆ እንደ እሷ ቡናማ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ እዚያው ሣር ውስጥ ነው ያለው፤ የምናውቀው በልብሱ ስለሆነ ብቻ ጠፋ እንላለን። ይህን ያወቀ ልጅ ወቀሳውን ለመመለስ ጥሩ መልስ አገኘ ማለት ነው።

አማርኛ በወፍ ስም ድሃ አይደለም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የማይበሉትን አዕዋፍ ሲዘረዝር እርኩም፣ ጋጋኖ፣ ሽመላ፣ ሳቢሳ እያለ ይወርዳል። ሲነበብ የሰማው ብዙ ነው፤ ሰማይ ላይ ሲያልፍ በጣቱ የሚያሳይ ግን ጥቂት። ጋጋኖ እኮ ሩቅ አይደለም። ማለዳ ማለዳ በአዲስ አበባ ጣሪያዎች ላይ እየተንጫጫ የሚያልፈው፣ ምንቃሩ ወደ ታች የታጠፈው፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማይገኘው ወፍ ነው። ስሙ ራሱ ጩኸቱን ይመስላል። የአቃቂ ልጆች ድምፁን ከአልጋቸው ሳይወርዱ ይሰሙታል፤ ስሙን ያወረሳቸው ግን የለም።

የሚገርመው እነዚሁ ስሞች ባሕር መሻገራቸው ነው። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን ጎንደር ድረስ መጥቶ ሲመለስ «እርኩም» የሚለውን ስም ይዞ ሄዶ መጽሐፉ ላይ አትሞታል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ለዓለም ያስተዋወቃቸው ጭላዳና ዋልያ እስከ ዛሬ በሳይንሳዊ ስማቸው ውስጥ የአገራቸውን ስም እንደያዙ ናቸው። ሚዳቋም የአንድ ሙሉ የእንስሳት ወገን ሳይንሳዊ መጠሪያ ሆናለች። ያኔ ለባዕድ ተጓዥ ስሙን የነገረው እረኛ ወይም አዳኝ ነበር። ዛሬ ለአቃቂ ልጅ «ዋልያ» ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ብሔራዊ ቡድኑ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ቢራው። ስሜን ተራራ ላይ ብቻ የሚኖረው ፍየል ሦስተኛ ይወጣል፣ ከወጣ።

ትምህርት ቤቶችን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። እኔ ግን ይህ እውቀት ድሮም በትምህርት ይተላለፍ ነበር ብዬ አላምንም። የሚተላለፈው በሥራ ነበር። ወፍ ጠባቂው ልጅ ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ሲውል የትኛው ወፍ እህል እንደሚበላ፣ የትኛው ትል እንደሚለቅም፣ የትኛው አንዴ ከተባረረ እንደማይመለስ ማወቅ ነበረበት፤ ካላወቀ ማታ አባቱ ያሳውቀዋል። እረኛውም የጅብ ኮቴን ከውሻ ኮቴ የሚለየው ለፈተና ብሎ አይደለም። ወፎቹን ከማንም በላይ ያወቃቸው ድንጋይ የሚወረውርባቸው ልጅ ነበር ቢባል ለተፈጥሮ ተቆርቋሪ ጆሮ አይጥምም፤ ግን እንደዚያ ነው።

የአቃቂ ዋልካ መሬት ለዚህ ትምህርት የተመቸ ነበር። ጤፉ ከታጨደ፣ ሽምብራውና ጓያው በቀረው እርጥበት ማደግ ከጀመረ በኋላ ሜዳው በእንግዳ ይሞላል። ሽመላ ከአውሮፓ ይመጣል። ክሬን እየተባሉ የሚጠሩት ረጅም እግር ያላቸው ግራጫ ወፎችም ቀን ከማሳው እየለቀሙ፣ ማታ ውሃ ዳር እያደሩ ብርዱን ያሳልፋሉ። ፊንላንድና ኢስቶኒያ ውስጥ የሳተላይት መከታተያ ከታሰረላቸው ክሬኖች መካከል ኢትዮጵያ ድረስ የመጡ አሉ፤ እዚያ ያሉ ሰዎች ወፋቸው የት እንደከረመ በካርታ ይከታተላሉ። እዚህ፣ የከረመበት ሰፈር ያለው ልጅ፣ ቀና ብሎ አላያቸውም።

አንድ ሌላ ነገር አለ። የአቃቂ ዙሪያ ነባር ገበሬ ኦሮሞ ነው፤ የዚህ ሜዳ እውቀትም በኦሮምኛ የተቀመጠ ነው። ቱሉ ዲምቱ ማለት «ቀይ ኮረብታ» መሆኑን የማያውቅ የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ ስንቱ ነው? ማሳው ኮንዶሚኒየምና ፋብሪካ ሲሆን ገበሬው ተነሳ፣ ከከተማው መሃል የመጣው ሰው ገባ። አያትና የልጅ ልጅ ቢሆኑ ኖሮ ወሬው ይቀጥል ነበር፤ የተተካካው ግን እንግዳና እንግዳ ሆነ።

ወንዙም ተዘጋ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከተማውን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኙና ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። አባ ሳሙኤል የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ግድብ ነው፤ ለአሥርተ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተደርጓል። ሁለቱ ወንዞች ግን የፋብሪካውንም የመጸዳጃውንም ፍሳሽ ይዘው ነው የሚደርሱት፤ ሐይቁ በደለል ጠብቧል፣ እምቦጭም ወሮታል። ዛሬ አቃቂ ላይ ልጇን «ወንዝ እንዳትሄድ» የምትል እናት ልክ ናት፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ። የድሮው ልጅ ዳክዬ እያሳደደ የዋለበት ዳርቻ ለዛሬው ልጅ የተከለከለ ቦታ ነው።

ወፎቹ ግን አልተከለከሉም፤ ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዝርዝር በአገሪቱ ለአዕዋፍ ወሳኝ የሆኑ 69 ቦታዎችን መዝግቧል፤ የአቃቂና የአባ ሳሙኤል ረግረጎች አንዱ ናቸው። ይህ ዝርዝር የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ሌስሊ ብራውንና ኤሚል ኧርባን በ1971 እ.ኤ.አ. ያወጡት የኢትዮጵያ አዕዋፍ ዝርዝርም፣ ከዚያ ወዲህ ወፍ ተመልካቾች በቦርሳቸው የሚይዟቸው ባለ ሥዕል መጻሕፍትም እንግሊዝኛ ናቸው። ዶክተር ሰሎሞን ይርጋ በ2000 ዓ.ም. «አጥቢዎች»ን በአማርኛ ማሳተማቸውን የምቆጥረው እንደ ትልቅ ውለታ ነው። አንድ ልጅ ስለ ከርከሮና ስለ ጥርኝ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲያነብ ስሙና እንስሳው ያለ አስተርጓሚ ይገናኛሉ።

ትምህርት ቤቶች የተፈጥሮ ክበብ አላቸው። ክበቦቹን አልንቅም፣ እኔም በልጅነቴ አባል ነበርኩ። ትዝ የሚለኝ ግን ችግኝ መትከላችንና በሰልፍ ላይ ስለ ደን ጥቅም ግጥም ማንበባችን ነው። አንዲት ወፍ በስሟ ጠርተን አናውቅም። ለልጁ «ተፈጥሮን ጠብቅ» ይባላል፤ ማንን እንደሚጠብቅ ሳይነገረው።

ከዚህ የተለየ ሙከራ የማውቀው በርጋ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ አዲስ ዓለም አቅራቢያ ያለ ረግረግ። እዚያ በ1997 እ.ኤ.አ. በዓለም እጅግ ብርቅ ከሆኑት መካከል አንዷ የሆነች፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያላት፣ ሣር ውስጥ እየተሹለከለከች የምትኖር ትንሽ ወፍ ስትራባ ተገኘች። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ የአካባቢውን ነዋሪዎች በቡድን አደራጀ፣ ለልጆቻቸውም ትምህርት ቤት ተሠራ። ወፏ የምትፈለፍለው በክረምት፣ ሣሩ ሲያድግ ስለሆነ ከብት መቼ ይግባ፣ ሣሩ መቼ ይታጨድ የሚለው የመንደሩ ጉዳይ ሆነ። በርጋ ላይ ወፏን ማወቅ እንደገና ሥራ ሆነ ማለት ነው፤ ትምህርቱ የያዘውም ለዚህ ይመስለኛል።

አቃቂ እንደ በርጋ አይደለም፤ ሥራው ሌላ መሆን አለበት። በጥር ወር በመላው አፍሪካ የውሃ አዕዋፍ ቆጠራ ይካሄዳል፤ ኢትዮጵያም ትሳተፋለች። ቆጠራ ማማ ላይ ከመዋል ጋር ይመሳሰላል፤ ዓይን ይፈልጋል፣ ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ብርድ አለበት፣ ስህተት ከሠራህ ጎንህ ያለው ልጅ ያርምሃል። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ከወንዙ ራቅ ብሎ ኮረብታ ላይ አስቀምጦ፣ ደብተርና አንድ መነጽር ሰጥቶ ማስቆጠር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የዛሬ አምስት ዓመት የተቆጠረው ከዘንድሮው ጋር ሲወዳደር ደግሞ ልጆቹ የሚያወሩት የራሳቸው ቁጥር ይኖራቸዋል። አዛውንት ገበሬዎችም አሁንም አሉ፤ አንዱን ኮረብታው ላይ አብሮ ማስቀመጥ፣ ኦሮምኛውን ስም ከአማርኛው ጎን ማስጻፍ ነው። ነገ ግን ላይኖሩ ይችላሉ።

ባለፈው ታኅሣሥ የእህቴን ልጅ ይዤ ከቱሉ ዲምቱ ወደ አባ ሳሙኤል አቅጣጫ ወጣሁ። ጉም ነበር። ለግማሽ ሰዓት ስልኩን ከእጁ አላወረደም። ከዚያ ድምፅ መጣ፣ ከላይ፣ እንደ ተሰነጠቀ መለከት ያለ፤ ክሬኖቹ በረድፍ በረድፍ ከውሃው ወደ ማሳው ሲሻገሩ። እንዲቆጥር ደብተር ሰጠሁት። ስልሳ አካባቢ ሲደርስ ተምታታበት፣ ተናደደ፣ ከመጀመሪያው ጀመረ።

«ስማቸው ማነው?» አለኝ ሳያየኝ።

ክሬን እንደሚባሉ ነገርኩት። ይሄማ ሕንፃ የሚሠራበት ማሽን ነው ብሎ አልተቀበለኝም። ማታ እቤት ደብተሩን ስገልጥ ከቁጥሩ በላይ በእስክሪብቶ «ባለ ካፖርት» ብሎ ጽፏል።