ስለ ሽፈራው ፍሬና ስለ ደፈረሰ ውሃ

አገር የሚለማው ከባሕር ማዶ በሚመጣ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ በደጅ የበቀለውን ዕፅ መርምሮ ጥቅሙን በማወቅ ጭምር ነው እንጂ። ኬሚስትሪ የሚባለው ጥበብ ብዙውን ጥሬ ዕቃ ሲያገኝ የኖረው ከነዳጅ ዘይት፣ ከድንጋይ ከሰልና ከማዕድን ነው፤ እነዚህም አንድ ጊዜ ከምድር ከወጡ አይተኩም። ስለዚህ ፖል አናስታስና ጆን ዋርነር የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ባወጡት መጽሐፍ ለዚህ ጥበብ 12 መመሪያ ሠሩለት፤ ሰባተኛውም በተቻለ መጠን በየጊዜው በሚተካ ጥሬ ዕቃ መጠቀም ይገባል የሚል ነው።

ይህ አሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን ነጭ ሸማ በእንዶድ ሲያጥቡ ኖረዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1964 እ.ኤ.አ. በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ቢያዩ፣ እንዶድ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል መርምረው አስረዱ።

አሁን ደግሞ ወደ ጋሞ ምድር እንመልከት። ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን በዐለታማ አፋፍ ላይ ያለችው ኦቾሎ የአባያን ሐይቅ ቁልቁል ታያለች። የሐይቁ ውሃ ወንዞች ጠርገው ባመጡት ደቃቅ አፈር ቀልቷል። በዚያው ቆላ ግን ሽፈራው ይበቅላል፤ ሕዝቡም ቅጠሉን ቀቅሎ ይመገበዋል።

የዚህ ዛፍ ፍሬ ደፍራሳ ውሃ ያጠራል። ምክንያቱም እንዲህ ነው፤ በውሃ የተንሳፈፈው የጭቃ ቅንጣት ኔጋቲቭ የኤሌክትሪክ ኃይል ስላለው እርስ በርሱ ይገፋፋልና አይዘቅጥም። የፍሬው ፕሮቲን ግን ፖዚቲቭ ስለ ሆነ ቅንጣቱን ያያይዘዋል፤ ከብዶም ይሰጥማል። ፋብሪካዎች ከማዕድን የሚሠሩት የአሉሚኒየም ሰልፌትም ሥራው ይኸው ነው። ከፍሬው ዘይት ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ እንኳ ውሃ የማጥራት ኃይሉን አያጣም፤ ስለዚህ ከአንድ ፍሬ ዘይትም ማጥሪያም ይገኛል።

ዳሩ ግን ጥቅሙን ያለ ልክ ማጋነን አይገባም። በዚህ የጠራ ውሃ ተሐዋስያኑ ቢቀንሱም ፈጽመው ስለማይጠፉ ማፍላት ያስፈልጋል፤ የፍሬው ቅሪት ስለሚበላሽም ውሃውን ለብዙ ቀን ማቆየት አይበጅም። መጠኑም እንደ ውሃው ድፍርስነት ይለያያል።

እንግዲህ በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደ ተባለው እንዳይሆን፣ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ መጠኑን ለየውሃው ለይቶ ለገበሬው በቋንቋው ቢያስረዳ፣ ሹማምንትም ለፍሬው ተገቢ ዋጋ የሚያስገኝ ገበያ ቢያዘጋጁ፣ የአብያተ ክርስቲያናትን ደን ጠብቀው ያቆዩት ካህናትም በቆላው ሕዝቡን ለተከላ ቢመክሩ፣ ሥራው ይጸናል። ዛፉን የሚያውቀው ሕዝብ ከዛፉ ጥቅም የመጀመሪያው ተካፋይ ሊሆን ይገባዋልና።