ከ1948ቱ የሚዘገየው «ፈጣን» ፎቶ

ዛሬ ከመደብር የሚገዛ የፖላሮይድ ባለ ቀለም ፊልም ምስሉን አጥርቶ እስኪያወጣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል። የፖላሮይድ መሥራች ኤድዊን ላንድ በ1947 ኒው ዮርክ ላይ ለሙያ ባልደረቦቹ ያሳየው፣ በ1948 ደግሞ ቦስተን ውስጥ ለሽያጭ የቀረበው የመጀመሪያው ፊልም ቡናማ ምስል ቢሰጥም 60 ሰከንድ ይበቃው ነበር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የጃፓኑ ፉጂፊልም የሚሸጠው ኢንስታክስም ቢሆን 90 ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ ከጅማሬው የዘገየ ዕቃ፣ ያውም ሁሉም ሰው ስልኩን አውጥቶ በቅጽበት ፎቶ በሚያይበት ዘመን፣ ገዢ ሊያጣ በተገባው ነበር። ኢንስታክስ ግን ካሜራውና ማተሚያው ተደምረው ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጠዋል። ዲጂታል ካሜራ ራሱን የሚያጥብ ፊልም ገደለ የሚለው የተለመደ ትረካ ይህን ሊያስረዳ አይችልም። ዲጂታሉ የገደለው ፍጥነትን እንደ ሸቀጥ የመሸጥ ንግድን ነው፤ ፊልሙ በሕይወት የቀረው ለሌላ ጉዳይ ስለሚፈለግ ነው።

ፍጥነትን አጥብቀው የፈለጉት እነማን እንደነበሩ ማየት ይጠቅማል። መንግሥታት፣ ፖሊስ፣ የመድን ድርጅቶችና ጉርድ ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ከሁሉ የከፋው ምሳሌ ደቡብ አፍሪካ ነው። የአፓርታይድ መንግሥት ጥቁሮች ሁልጊዜ እንዲይዙት ያስገድድ ለነበረው የይለፍ ደብተር ፎቶ ከሚነሳባቸው መሣሪያዎች አንዱ ፖላሮይድ ነበር፤ ሰውየው ተነስቶ ፎቶው እዚያው ይደርሳል። በ1970 በኩባንያው ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩት ካሮሊን ሃንተርና ኬን ዊሊያምስ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ይህን ደርሰውበት ተቃውሞ አስነሱ። ሃንተር ከሥራ ተባረረች። ኩባንያው በቀጥታ ለመንግሥት መሸጡን አቆምኩ ቢልም፣ ወኪሉ በስውር ሲሸጥ መቆየቱ ተጋልጦ ከአገሪቱ ጨርሶ የወጣው በ1977 ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ፎቶው የተነሺው አይደለም፤ ፍጥነቱም የሚያገለግለው አንሺውን ነው። እንዲህ ያለው ደንበኛ ደግሞ ከዚያ የፈጠነ መሣሪያ ባገኘ ቀን ሳይሰናበት ይሄዳል። ሄደም። ፉጂ ጉርድ ፎቶ አንሺዎች ለዓመታት የተጠቀሙበትን፣ ተልጦ የሚወጣውን ባለ ቀለም ፊልም ማምረት ያቆመው በ2016 ሲሆን፣ በዚያው ጊዜ የልጆች መጫወቻ የሚመስለውን ኢንስታክስ በሚሊዮኖች እየሸጠ ነበር። ባለሙያው የሚያከብረው ፊልም ሞቶ ባለሙያው የሚንቀው ኖረ።

ላንድ ራሱ ፍጥነትን ማምለኩ ዋጋ አስከፍሎታል። በ1977 ፖላቪዥን የተባለ፣ ራሱን የሚያጥብ ተንቀሳቃሽ ፊልም አወጣ። ድምፅ አልነበረውም፤ ርዝመቱም ሦስት ደቂቃ አይሞላም። የቪዲዮ ካሴት ደግሞ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ ከገበያ ወጣ። በኬሚስትሪ ሲታይ ድንቅ ሥራ ነበር፤ ሆኖም ሰው በእጁ የሚይዘው፣ ለሌላ የሚሰጠው ነገር አልነበረውም። ፖላሮይድ በ2001 ለኪሳራ ከለላ አመለከተ፣ በ2008ም ፊልም ማምረቱን እንደሚያቆም አስታወቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለዚህ ክርክር ከሁሉ የጠነከረ ማስረጃ ነው። ጥቂት ሰዎች ተሰባስበው ኔዘርላንድስ፣ ኤንስኼዴ ያለውን የመጨረሻውን ፋብሪካ ማሽኖች ገዙና ድርጅታቸውን «ኢምፖሲብል» አሉት። የቀድሞዎቹን ኬሚካሎች ማግኘት ስላልቻሉ ፊልሙን እንደ አዲስ መፍጠር ነበረባቸው። በ2010 ያወጡት ፊልም እንደወጣ ከብርሃን ካልተከለለ የሚበላሽ፣ ቀለሙ የማይታመን፣ የሚዘገይ ነበር። በፍጥነት ቢመዘን ከ1972ቱ የላንድ ካሜራ ከኤስኤክስ-70 ፊልም ጋር አይወዳደርም፤ ገዢ ግን አገኘ፤ ድርጅቱም ውሎ አድሮ የፖላሮይድን ስም ወረሰ።

የፉጂ መንገድ ሌላ ነው፤ መሠረቱ ርካሽነት ነው። አሠራሩን ማወቅ ዋጋውን ለመረዳት ይረዳል። ከምስሉ ሥር ባለው ሰፊ ነጭ ጠርዝ ውስጥ የኬሚካል ከረጢት አለ፤ ፊልሙ ሲወጣ በሁለት ሮለሮች መካከል ይጨመቅና ከረጢቱ ፈንድቶ ኬሚካሉ በስሱ ንብርብሮች መሃል ይሰራጫል። እስከዚህ ድረስ ከኤስኤክስ-70 ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፦ የፖላሮይድ ፊልም ብርሃኑን የሚቀበለው ምስሉ በሚታይበት በፊቱ በኩል በመሆኑ ምስሉ እንዳይገለበጥ ካሜራው መስታወት ያስፈልገዋል። ኢንስታክስ ብርሃኑን በጀርባው ይቀበላል፤ መስታወት አይፈልግም። የቀድሞ ፖላሮይዶች በየፊልም ካርትሬጁ ውስጥ ባትሪ ነበራቸው፤ ፉጂ ባትሪውን ካሜራው ውስጥ አደረገው። የቀረው ፕላስቲክ፣ ቀላል ሌንስና ፍላሽ ነው። በ2023 የወጣው ኢንስታክስ ሚኒ 12 አሜሪካ ውስጥ 80 ዶላር ገደማ ነበር። የፊልሙ ነጠላ ዋጋም ያኔ ከአንድ ዶላር ትንሽ ዝቅ ይል ስለነበር፣ መቶ ያህል ፎቶ ያነሳ ሰው የካሜራውን ዋጋ ደግሞ ለፊልም ከፍሏል። ካሜራውን አንዴ ከዱባይ ላስመጣ አዲስ አበቤም የውጭ ምንዛሪው ጣጣ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ናፍቆት የፈጠረው ፋሽን አይደለም ወይ? የሚሉ ብዙ ናቸው። ፋሽን ድርሻ አለው፤ ኩባንያው ራሱ ሽያጩ ያንሰራራው በ2000ዎቹ መገባደጃ የእስያ ቴሌቪዥን ድራማዎች ላይ ካሜራው ከታየ በኋላ መሆኑን ይናገራል (የኮሪያ ድራማ ያላሸጠው ነገር ጥቂት ነው)። ናፍቆት የሚለው ግን አያስኬድም። አብዛኞቹ ገዢዎች ወጣቶች ናቸው፤ ያላዩትን ዘመን አይናፍቁም። ፋሽን ብቻ ቢሆን ደግሞ በ1998 የጀመረው፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተሽጦ ተሽጦ የወደቀው ካሜራ ልክ ስማርት ስልክ በተስፋፋበት ወቅት ተነስቶ እስከዛሬ ባልዘለቀ ነበር። ስልኩ ፎቶን በነፃ እንደ ጎርፍ አፈሰሰው፤ ያን ጊዜ ልደት ላይ ለአክስት የሚሰጥ፣ የሠርግ እንግዳ ስሙን ጽፎ የሚለጥፈው ወረቀት ብርቅ ሆነ።

ሌላው ቅሬታ ብክነቱ ነው፤ ይህንን አልከራከርበትም። ለአሥር ፎቶ አንድ የፕላስቲክ ካርትሬጅ ይጣላል፤ የተበላሸ ምስልም አይታረም። ኔጋቲቭ ስለሌለው የጠፋ ፎቶ ጠፋ ማለት ነው።

ከባዱ ጥያቄ ግን ከማተሚያዎቹ ይመጣል። ፉጂ በ2014 ፎቶውን ከስልክ ተቀብሎ በኢንስታክስ ፊልም ላይ የሚያወጣ ትንሽ ማተሚያ ሸጠ፤ በ2021 ደግሞ አንስተው፣ መርጠው የሚያትሙበትን ሚኒ ኢቮ ካሜራ ጨመረ። እነዚህ ፍጥነት አይሸጡም፤ ፎቶው ከወር በፊት የተነሳ ሊሆን ይችላል። እስከዚህ ለእኔ ይመሰክራሉ። ነገር ግን ተፈላጊው ወረቀቱ ብቻ ከሆነ፣ በሙቀት ቀለም የሚያወጣ ልዩ ወረቀት የሚጠቀሙት የዚንክ ማተሚያዎች ያለ ፊልም ያትማሉ፤ ለምን አላሸነፉም? አንድ ፎቶ አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ ነው ማለት አልችልም፤ ከስልክ የሚታተመው የኢንስታክስ ፎቶም ተደጋግሞ ይታተማል። የምሰጠው መልስ ከፊል ነው። የኢንስታክስ ነጭ ክፈፍ በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ካሜራዎች ተለምዶ የስጦታ ፎቶ መልክ ሆኗል፤ ሌይካን ያህል የካሜራ ስም እንኳ በ2016 ሶፎርት የተባለውን ካሜራ ሲያወጣ ፊልሙን የፉጂ አድርጎታል። እንዲህ የፉጂን ፊልም የሚጠቀም የተቀናቃኝ ካሜራ በተሸጠ ቁጥር የፊልሙ ትርፍ ጃፓን፣ ካናጋዋ ውስጥ ላለው የፊልም ፋብሪካ ይደርሳል፤ ፉጂም የማምረቻ መስመሮቹን እያሰፋ ነው። መርጠው የሚያትሙባቸው ካሜራዎች መደበኛውን ጨርሰው ከተኩት፣ ያልታሰበ ፎቶ ከካሜራው ሲወጣ የሚፈጥረው ደስታ ለሽያጩ ምን ያህል ድርሻ እንደነበረው ያኔ ይለያል።