ብርሃንና የማሕፀን በር ካንሰር ምርመራ

አንድ ዕንቁላል ተሰብሮ በመጥበሻ ላይ ሲፈስ፣ አስኳሉን የከበበው ፈሳሽ በመጀመሪያ ብርሃን ስለሚያሳልፍ የመጥበሻው ጥቁረት በውስጡ ይታያል። እሳቱ ሲሰማው ግን ወዲያው ነጭ ይሆናል። ይህም የሚሆነው ነጭ ቀለም ስለተጨመረበት አይደለም፤ በፈሳሹ ውስጥ ያለው ፕሮቲን በሙቀት ስለሚረጋ፣ ቀድሞ በመካከሉ ያልፍ የነበረውን ብርሃን በየአቅጣጫው እየበተነ ወደ ተመልካቹ ዓይን ስለሚመልሰው ነው። ሐኪሞችም ይህን በመሰለ የብርሃን ጠባይ በመጠቀም ጤነኛውን የሰውነት ክፍል ወደ ካንሰር ሊለወጥ ከሚችለው ይለያሉ።

ይህ ዘዴ ከፍ ያለ አገልግሎት የሚሰጠው የማሕፀን በር ካንሰርን ለመከላከል ነው። በሽታው በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚደርሱት የካንሰር ዓይነቶች መካከል ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛውን ደረጃ ይዟል። የሚነሣውም ሂውማን ፓፒሎማ ከሚባለው ቫይረስ ሲሆን፣ ሕዋሶቹ መለወጥ ከጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ ካንሰር እስኪሆኑ ድረስ ብዙውን ጊዜ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሴቲቱ ሕመም አይሰማትም፤ ሥራዋንም አታቋርጥም። ሕመም ተሰምቷት ወደ ሐኪም ስትሄድ ግን በሽታው ሥር ሰድዶ ሊገኝ ይችላል። እንግዲህ ዋናው ችግር ገና የማያመውን በሽታ ማየት ነው።

በጀርመን አገር ሐንስ ሂንዝልማን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1925 ኮልፖስኮፕ የተባለውን መሣሪያ አስተዋወቀ። መሣሪያው ጠንካራ ብርሃንን ከማጉያ መነጽር ጋር ያጣመረ ነው። ከዚያም የማሕፀንን በር በአሴቲክ አሲድ መቀባት የምርመራው ክፍል ሆነ። ይህ አሲድ በሰላጣ ላይ የሚጨመረው አቼቶ ዋና ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ለምርመራው የሚያገለግለው ፈሳሽ ከ100 እጅ ከ3 እስከ 5 እጅ ያህል አሲድ ብቻ ይይዛል።

ጤነኛው ሽፋን ብርሃን ስለሚያሳልፍ፣ ብርሃኑ ዘልቆ ከሥሩ ካሉት የደም ሥሮች ደርሶ ይመለሳል፤ በዚህም ምክንያት መልኩ ፈዘዝ ያለ ቀይ ነው። የተለወጡት ሕዋሶች ግን ኒውክሊየሳቸው ትልቅ፣ አቀማመጣቸውም የተጨናነቀ ስለሆነ ብዙ ፕሮቲን ይዘዋል። አሲዱ ሲነካቸው ፕሮቲኑ ለጊዜው ስለሚረጋ፣ ብርሃኑ ከደም ሥሮቹ ሳይደርስ ተበትኖ ይመለሳል። ስለዚህ 1 ደቂቃ ያህል ከተጠበቀ በኋላ ቦታው ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ነጩም ቆይቶ ቀስ በቀስ ይጠፋል። በአረንጓዴ ብርሃን ሲታይ ደግሞ፣ ደም ይህን ብርሃን ስለሚውጠው የደም ሥሮቹ ጠቁረው ጎልተው ይወጣሉ፤ ሐኪሙም ቅርጻቸውን ይመረምራል።

ኮልፖስኮፕ በሌለበት ስፍራ እንኳ በመብራት፣ በአሲድና በጥጥ ብቻ ምርመራውን ማካሄድ ይቻላል። በሕንድ አገር በሙምባይ ከተማ 150,000 ያህል ሴቶችን ያካተተ ጥናት ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ተገልጧል። መርማሪዎቹ ከየአካባቢው ተመልምለው የሠለጠኑ፣ ቢያንስ 10ኛ ክፍልን ያጠናቀቁ ሴቶች ነበሩ። በየ2 ዓመቱ ምርመራ በተሰጣቸው ሴቶች ዘንድ፣ ካልተመረመሩት ጋር ሲነጻጸር፣ በዚህ ካንሰር የሚሞቱት ከ100 እጅ 31 እጅ ያህል ቀንሰው ተገኝተዋል።

ይሁን እንጂ ነጭ ሆኖ የታየ ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ ቁስለትም ተመሳሳይ መልክ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ካንሰር ሲጠረጠር ከቦታው ትንሽ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። ለውጡ ገና ካንሰር ላይ ካልደረሰ ግን፣ ቦታውን በማቀዝቀዝ ወይም በማሞቅ የታመሙትን ሕዋሶች ማጥፋት ይቻላል። በኢትዮጵያም ምርመራው በበርካታ የጤና ተቋማት ከ30 እስከ 49 ዓመት ለሆናቸው ሴቶች ሲሰጥ ቆይቷል። ሳይታመሙ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ በብዙዎች ዘንድ የተለመደ አይደለም። የዚህ ምርመራ ጥቅም ሙሉ የሚሆነው ግን ሴቲቱ ጤነኛ ነኝ ብላ በምታምንበት ጊዜ ስትመረመር ነው።