መጋቢውና የተራበው ተማሪ

አብርሃም ማስሎ በ1943 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የሰውን ፍላጎት በደረጃ አስቀምጧል፤ አስቀድሞ ምግብና ደኅንነት፣ ቀጥሎ ፍቅርና ክብር፣ በመጨረሻም ራስን እውን ማድረግ፣ ማለትም ያለን ችሎታ ወደ ፍጻሜ ማድረስ።

አሁን በጎጃም የዲማ ጊዮርጊስን የቆሎ ተማሪ አስቡ። አኮፋዳውን አንግቶ ቁራሽ እየለመነ ቅኔ ይቆጥር ነበር። ሆዱ ሳይሞላ ነፍሱ ዕውቀትን ፈለገች። ማስሎም ቢሆን ቅደም ተከተሉ ለሁሉም አንድ እንዳልሆነ፣ ስለ ዓላማቸው ሁሉን የሚተዉ ሰዎች እንዳሉ ጽፏል። ተማሪው ግን የዘለቀው የመንደሩ ሰው ስላካፈለው ነው።

እንግዲህ መጋቢ የተባላችሁ ሆይ፣ የተራበውን በቃል ብቻ አታሰናብቱት (ያዕ. 2፥15-16)፤ እስኪጠግብም ድረስ ቃሉን አታዘግዩበት (ማቴ. 4፥4)። ማስሎ በጫፉ ላይ ያስቀመጠው ራስን ነው፤ እኛ ግን ሰውን በአምሳሉ ወደ ፈጠረው ጌታ እንጠራዋለን።