ስምንት ቁጥር ሲወጣ



በዚህ ሳምንት ሩቅ አገር ይዘናችሁ ልንሄድ ነው። ስንቅ አያስፈልግም። ፊደሉን እየተከተላችሁ ኑ። የምንሄደው በእስያ፣ በቻይና ደቡብ ጠረፍ ወዳለችው ሆንግ ኮንግ ነው። የስሟ ትርጉም «መልካም መዓዛ ያለው ወደብ» ማለት ነው። ወደብ መርከብ የሚቆምበት፣ ዕቃ የሚያራግፍበትና የሚጭንበት ቦታ ነው። ይህችን ከተማ ከ1842 ጀምሮ እንግሊዞች ይገዟት ነበር። በ1997 ወደ ቻይና ተመለሰች። እዚህ ላይ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዛሬ 7 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው ይኖርባታል።

የምንደርሰው በነሐሴ መጨረሻ ነው። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። የሚያስቸግረው ግን ሙቀቱ ብቻ አይደለም። አየሩ ከባሕር በሚወጣ እርጥበት የተሞላ ነው። ወበቅ የምንለው ይህንን ነው። ላብ ይወጣል እንጂ አይደርቅም። የታጠበ ልብስ ተሰጥቶ ቢውልም እርጥብ እንደሆነ ያመሻል። ሌሊቱም ቢሆን እፎይ አያሰኝም።

ባሕሩ በከተማይቱ መካከል ገብቶ ለሁለት ይከፍላታል። አንደኛው ወገን ደሴት ነው፤ ዙሪያውን በውሃ ተከቧል። ሌላው ወገን ከቻይና ምድር ጋር የተያያዘ ነው። ከወዲህ ወዲያ የሚያሻግሩ አረንጓዴና ነጭ ቀለም የተቀቡ ጀልባዎች አሉ። ይህ ማመላለሻ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። መሻገሪያው አሥር ደቂቃ ያህል ነው። በዚያ ወበቅ ጀልባው ላይ ቆሞ ነፋስ መቀበል ደስ ይላል።

ታዲያ ነፋስ በዚያ አገር ሁልጊዜ ወዳጅ አይደለም።

በበጋቸው ባሕሩ በፀሐይ ይሞቃል። ከሞቀው ባሕር እንፋሎት እየተነሣ ወደ ላይ ይወጣል፤ ደመናም ይሆናል። በለቀቀው ቦታ ሌላ አየር ከየአቅጣጫው ይገባል። እየገባም ይሽከረከራል። ይህ እየበረታ ሲሄድ ታላቅ አውሎ ነፋስ ይሆናል። ስሙም ታይፉን ይባላል። ታይፉን ዛፍ ይነቅላል፣ ጣራ ይገነጥላል። ባሕሩንም ገፍቶ ወደ የብስ ያወጣዋል። ምግቡ የባሕር እንፋሎት ስለሆነ፣ ወደ መሬት ገብቶ ሲርቅ ይደክማል።

መስከረም 18 ቀን 1906 አንድ ታይፉን ሆንግ ኮንግን መታት። ማስጠንቀቂያው የደረሰው በጣም ዘግይቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ብርቱ ነፋስ ሲመጣ መድፍ ይተኮስ ነበር። ግን መድፉን የሰማ ሁሉ ለመሸሽ ጊዜ አላገኘም። በጥቂት ሰዓት ውስጥ 10 ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ከሞቱት ብዙዎቹ ቤታቸው ጀልባ የሆነ ድሆችና ዓሣ አጥማጆች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ጀልባ የሚጠለልበት ቦታ በድንጋይ ግድብ ተሠራ። በ1917 ደግሞ ማስጠንቀቂያው በቁጥር ሆነ። ምልክቱ ከፍ ባለ ቦታ ምሰሶ ላይ ይሰቀል ነበር። ቀን በቅርጽ፣ ሌሊት በመብራት ይታያል። ዛሬ ግን በራዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በስልክ ይነገራል።

ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው።

1 ቁጥር፦ አውሎ ነፋስ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ገብቷል፤ ጆሮ ይሰጠው።
3 ቁጥር፦ ነፋሱ በርትቷል።
8 ቁጥር፦ ሥራ ይቁም፣ ትምህርት ቤት ይዘጋ፣ ሰው ሁሉ ይጠለል።
9 ቁጥር፦ ነፋሱ ከዚህም እየበረታ ነው።
10 ቁጥር፦ ከሁሉም የከፋው መጥቷል።

ከ3 ወደ 8 ለምን ተዘለለ ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ቀድሞ 5፣ 6፣ 7 እና 8 የሚባሉት የነፋሱን አቅጣጫ የሚናገሩ ነበሩ። ጉልበቱ ግን በአራቱም አንድ ዓይነት ነው። ሰው ግን 5 ቁጥር ሲያይ «ገና ነው፣ 8 አልደረሰም» ሊል ይችላል። ይህ ስሕተት ነፍስ ያጠፋል። ስለዚህ ከ1973 ጀምሮ አራቱም 8 ተባሉ። አያችሁ፣ የሚያነበው ሰው ካልተረዳው ምልክቱ ምን ይጠቅማል?

8 ቁጥር ከመውጣቱ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ለሕዝቡ ይነገራል። ያን ጊዜ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ይጣደፋል። ጀልባዎቹም ሥራ ከማቆማቸው በፊት ሰውን ያሻግራሉ። የቤት እመቤት የተሰጣውን ልብስና የአበባውን ገንቦ ወደ ውስጥ ታስገባለች። ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን ወደ መጠለያው ወስዶ ያስራል።

እውነቱን ለመናገር፣ ቁጥር ብቻውን አያድንም። በ1937 ቁጥሩ ነበረ። ግን በዚያ ዓመት የመጣው ታይፉን ባሕሩን በሌሊት በመንደሮች ላይ አወጣው። 11 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። ማስጠንቀቂያው በጊዜ መድረስ አለበት። የሚጠለሉበትም ጠንካራ ቤት ያስፈልጋል።

መስከረም 16 ቀን 2018 ማንግኩት የተባለ ታይፉን መጣ። 10 ቁጥር ወጥቶ አሥር ሰዓት ቆየ። ባሕሩ ዝቅ ያሉ ሰፈሮችን አጥለቀለቀ። የፎቅ መስኮቶች ረገፉ፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ዛፎች ወደቁ። ከ200 በላይ ሰዎች ቆሰሉ። በሆንግ ኮንግ ግን አንድም ሰው አልሞተም።

በ1906 እና በ2018 ነፋሱ ያው ነፋስ፣ ባሕሩም ያው ባሕር ነበር። የተለወጠው ሰው ነው። ባለሙያው ቀድሞ ያያል፤ ያየውንም ለራሱ አያስቀርም፤ ሁሉም በሚያውቀው ምልክት ይናገራል። የቤት እመቤቷም፣ ወዛደሩም፣ ዓሣ አጥማጁም ያነቡታል። አንብበውም አይቀመጡም፤ ይነሣሉ።

እስቲ እናንተም ተወያዩበት። በሰፈራችሁ ወንዝ ሲሞላ ወይም ጎርፍ ሲመጣ ቀድሞ የሚያየው ማነው? ከታች ላሉት ጎረቤቶችስ በምን ይነግራቸዋል? የተስማማችሁበትን ምልክት በደብተራችሁ ጻፉት። ለልጆቻችሁም አሳዩአቸው።