ፒካፑ ዳገት ሲያቅተው፦ ስሮትል በትልቅ መቀየር መፍትሔ ይሆናል?

በአርሲ ዞን የዲገሉና ጢጆ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ሳጉሬ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ገብስ፣ ስንዴና ድንች ከማሳ ወደ ገበያ፣ ከገበያም ወደ አሰላና አዳማ የሚጓዘው በጋሪ፣ በአይሱዙና በፒካፕ ነው። በምርት መሰብሰቢያ ወራት ኩንታል የጫነ ፒካፕ ዳገት ላይ ጉልበት ሲያንሰውና ከኋላው ጥቁር ጭስ ሲተፋ ማየት የተለመደ ነው። እንዲህ ያለ ችግር የገጠመው ባለንብረት ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱ «የሞተሩን ስሮትል በትልቅ ቀይረው» የሚል ነው።

ምክሩ ቀላል ቢመስልም ወጪው ቀላል አይደለም። ለደጋው አገር የሥራ ፒካፕ የሚሰጠው ጥቅምም እጅግ አነስተኛ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ስሮትል ምን እንደሚሠራና የደጋው አየር በሞተር ላይ ምን ተጽዕኖ እንደሚያሳድር ማወቅ ያስፈልጋል።

ስሮትል ምንድን ነው?

ስሮትል ቦዲ የቤንዚን ሞተር የሚተነፍስበት በር ነው። ከአየር ፊልተሩ በኋላ የሚገኝ የብረት ቱቦ ሲሆን፣ በውስጡ የሚከፈትና የሚዘጋ ክብ ክዳን አለው። አሽከርካሪው የነዳጅ መስጫውን ሲረግጥ በቀጥታ የሚከፍተው ይህንን የአየር በር ነው። ወደ ሞተሩ የገባውን አየር ሴንሰሮች ይለካሉ፤ የመኪናው ኮምፒዩተርም ለዚያ አየር የሚመጥነውን ቤንዚን በኢንጀክተር ይረጫል። በአሮጌ ሞተሮች ይህን ሥራ የሚሠራው ካርቡራተር ነው።

ከዚህ በመነሣት «በሩ ቢሰፋ ብዙ አየር ይገባል፤ ብዙ አየር ከገባ ጉልበት ይጨምራል» የሚል ግምት ይፈጠራል። ግምቱ ትክክል የሚሆነው ግን አየሩን የሚያግደው በሩ ራሱ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው።

የደጋው አየር ጉዳይ

ሳጉሬ ከባሕር ወለል በላይ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ 75 በመቶ ገደማ ይወርዳል። 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዳማ ደግሞ ከ80 በመቶ ትንሽ ከፍ ይላል። የደጋው ቅዝቃዜ አየሩን በጥቂቱ ቢያጠብቀውም ጉድለቱን አይሞላውም።

በመሆኑም በባሕር ወለል 100 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ተርቦ የሌለው ሞተር ሳጉሬ ላይ ሲደርስ ከ75 እስከ 80 ገደማ ብቻ ይቀረዋል። ከአዳማ ተነሥቶ በዴራና በኢተያ በኩል ወደ አሰላ፣ ከዚያም ወደ ሳጉሬ የሚወጣ አሽከርካሪ መኪናው ደረጃ በደረጃ እንደደከመ የሚሰማው አንድም ለዚህ ነው። መኪናው አልታመመም፤ የሚተነፍሰው አየር ሳስቷል። በሩን ማስፋት የሳሳውን አየር አያወፍረውም።

ስሌቱ ምን ይላል?

የ2.7 ሊትር የቤንዚን ሞተርን እንውሰድ። ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ጊዜ ሲዞር፣ ሲሊንደሮቹ በሙሉ ቢሞሉ እንኳ በደቂቃ የሚስበው አየር 3,400 ሊትር ገደማ ነው። የስሮትሉ ስፋት 60 ሚሊ ሜትር ነው ብንል፣ በሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት አየሩ የሚያልፈው በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ነው። ይህ ለሞተር አየር ዝግ ያለ ፍጥነት ስለሆነ በበሩ ላይ የሚጠፋው ግፊት ከ1 በመቶ በታች ነው። ከፍታው የወሰደው ግን 25 በመቶ ገደማ ነው።

ስሮትሉን ከ60 ወደ 65 ሚሊ ሜትር ማሳደግ የበሩን ስፋት በ17 በመቶ ይጨምራል። ቁጥሩ ብዙ ቢመስልም ጭነት ይዞ በዝግታ ዳገት ለሚወጣ መኪና የሚመልሰው ያችኑ ከ1 በመቶ ያነሰች ኪሳራ ነው። ትልቅ ስሮትል ፋይዳው የሚታየው ሞተሩ በጣም በፍጥነት በሚዞርበት ጊዜ፣ ያውም ካምሻፍቱ፣ የጭስ ማውጫውና የኮምፒዩተሩ ፕሮግራም አብረው በተለወጡበት የውድድር መኪና ላይ ነው።

ታዲያ ትልቅ ስሮትል ያስገጠሙ ሰዎች «መኪናዬ ቀለለችልኝ» የሚሉት ስለ ምን ነው? ሰፊ በር በትንሽ ርግጫ ብዙ አየር ስለሚያስገባ መኪናው ገና ሲነካ ይፈናጠራል። ስሜቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ሲረገጥ የሚገኘው ጉልበት ከቀድሞው አይለይም።

የናፍጣ ፒካፖች

በአካባቢው መንገዶች ከሚታዩት ፒካፖች ብዙዎቹ በናፍጣ የሚሠሩ ናቸው። የናፍጣ ሞተር ጉልበቱ የሚመጠነው በሚረጨው ናፍጣ እንጂ በአየር በር አይደለም። «ዲ-ፎር-ዲ» የሚል ጽሑፍ ባለባቸው ሃይሉክሶች የአየር መግቢያ ላይ ስሮትል የሚመስል ዕቃ ይገኛል። የዚህ ዕቃ ተግባር የተቃጠለ ጭስ በከፊል ወደ ሞተሩ እንዲመለስ ማገዝና ሞተሩ ሲጠፋ ያለ መንገጫገጭ እንዲቆም ማድረግ ነው። በትልቅ መቀየሩ ጉልበት አይጨምርም።

ተርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታን ከሌሎቹ በተሻለ ይቋቋማል። ተርቦ በሌላቸው አሮጌ የናፍጣ ሞተሮች ግን ፓምፑ ለቆላ አየር የተስተካከለ ከሆነ በደጋ ከአየሩ የበለጠ ናፍጣ ይረጫል። በየዳገቱ የሚታየው ጥቁር ጭስ አንዱ መነሻ ይህ ነው። ጭሱ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ፣ ማለትም የባከነ ገንዘብ ነው።

ከመግዛት በፊት ምን መፈተሽ አለበት?

ከፍታው የወሰደውን ጉልበት በቀላሉ ማስመለስ አይቻልም። በጥገና ጉድለት የጠፋውን ግን በአነስተኛ ወጪ ማስመለስ ይቻላል። ቅደም ተከተሉም የሚከተለው ቢሆን ይመረጣል።

አንደኛ፣ የአየር ፊልተር። በአጨዳና በውቂያ ወራት የጠጠር መንገድ አቧራና የገለባ ብናኝ ፊልተሩን ፈጥነው ይደፍኑታል። በመጽሐፉ የተጻፈው የመቀየሪያ ጊዜ ለአስፋልት መንገድ የታሰበ በመሆኑ በዚህ ወቅት ፊልተሩን ቶሎ ቶሎ ማየት ይገባል።

ሁለተኛ፣ የአየር ቱቦዎች። ተርቦ ባላቸው መኪኖች ላይ የተሰነጠቀ ወይም የላላ ቱቦ የተጨመቀውን አየር ያፈሳል። ዳገት ላይ የሚሰማ ያልተለመደ የፉጨት ድምፅና በቱቦው መጋጠሚያ ላይ የሚታይ የዘይት ርጥበት ምልክቶቹ ናቸው።

ሦስተኛ፣ የስሮትሉ ንጽሕና። የቤንዚን ሞተር ስሮትል ከጊዜ ብዛት ጥቀርሻ ይይዛል። መኪናው ቆሞ ሲሠራ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚጠፋ ከሆነ ብዙ ጊዜ መፍትሔው መቀየር ሳይሆን ማጽዳት ነው። ሲጸዳ ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ፣ ለዚሁ በተሠራ ማጽጃ መሆን አለበት። በኤሌክትሪክ የሚከፈተውን ክዳን በጣት ገፍቶ መክፈት ጥርሱን ሊሰብረው ስለሚችል ጥንቃቄ ይሻል።

አራተኛ፣ የነዳጁ መጠን። ካርቡራተር ያለው ፒካፕ በደጋ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው በጥቀርሻ ከጠቆረ ይህን ያመለክታል። ልምድ ያለው መካኒክ ሊያስተካክለው ይችላል። ሆኖም ለሳጉሬ የተስተካከለ ካርቡራተር ወደ ስምጥ ሸለቆው ሲወርድ ቤንዚን ስለሚያንሰው ሞተሩ ከመጠን በላይ ሊግል ይችላል። ሁለቱን አየር የሚያመላልስ አሽከርካሪ መካከለኛ ልክ ማስያዝ ይኖርበታል። የናፍጣ መኪና ባለቤትም የናፍጣ ፊልተሩን፣ ኢንጀክተሮቹንና የፓምፑን ልክ ማስፈተሽ አለበት።

አምስተኛ፣ ጭነትና ማርሽ። ሩብ ያህል ጉልበቱን ከፍታ የወሰደበት መኪና ቆላ ላይ የሚጭነውን ሁሉ ደጋ ላይ ልጫን ቢል ፍሪሲዮኑና ሞተሩ ይጎዳሉ። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ መቀነስ ከማንኛውም አዲስ ዕቃ ይልቅ ያግዛል። በቁልቁለትም ፍሬኑ ላይ የሚመጣውን ጫና ማሰብ የሕይወት ጉዳይ ነው።

አለመግጠም የሚያስከትለው ጣጣ

ለሞተሩ ያልተሠራ ትልቅ ስሮትል ከአየር ማስገቢያው አፍ ጋር ላይገጥም ይችላል። በጓርኒሲዮኑ በኩል አየር ከገባ ልኬቱ ይዛባል። ኮምፒዩተሩ ካልተቀበለው የሞተር መብራት ይበራል፤ መኪናው ጉልበቱን ራሱ ቀንሶ ሊጓዝም ይችላል። ፊልተሩን ነቅሎ መንዳት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው፤ አቧራው ሲሊንደሩን እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቀዋል።

ማንኛውንም ለውጥ ከማድረግ በፊትና በኋላ መኪናውን በአንድ ዓይነት ጭነት፣ በአንድ ዳገት፣ በአንድ ማርሽ መሞከርና የፈጀውን ነዳጅ መመዝገብ ጠቃሚ ነው። ለውጡ ጥቅም ካለው በማስታወሻው ላይ ይታያል። ከሌለው ደግሞ ለስሮትል ሊወጣ የታሰበው ገንዘብ ለፊልተር፣ ለጎማና ለፍሬን ቢውል ምርቱም ሰውም በሰላም ገበያ ይደርሳሉ።