ዲስኩን ማን ይከፍተዋል?

ሦስት ተኩል ኢንች የሚባለው ፍሎፒ ዲስክ ከመዳፍ አይበልጥም። ጠርዙ ላይ ያለችውን የብረት ሽፋን በጣት ገፋ ሲያደርጓት ስስ ጥቁር ክብ ብቅ ይላል፤ ሲለቋት ሞላዋ ጠቅ አድርጋ ትመልሳታለች። መረጃው ያለው እዚያ ክብ ላይ ነው። እያንዳንዱ ገጽ 80 የማይታዩ ቀለበቶች አሉት፤ እያንዳንዱ ቀለበት በ18 ክፍል ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል 512 ባይት ይይዛል። የሁለቱ ገጽ ድምር እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የተለመደው 1.44 ሜጋባይት ነው።

ይህ ለደብዳቤና ለሒሳብ ሰነድ በቂ ነበር። ፎቶና ድምፅ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገቡ ግን ጠበበ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ የኮምፒውተር ተጠቃሚዎች ፊት ሁለት ተተኪዎች ቀረቡ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1995 ለገበያ የበቃው የአዮሜጋ ዚፕ ነው። አንዱ ዲስክ 100 ሜጋባይት፣ ማለትም ወደ ሰባ የሚጠጋ ፍሎፒ ይይዛል፤ ፍጥነቱም ከፍሎፒ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን አሮጌውን ፍሎፒ አያነብም፤ ዲስኩን የሚቀበለው ሰውም የዚፕ ማንበቢያ ሊኖረው ግድ ነው።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1997 የመጣው 120 ሜጋባይት የሚይዘው ሱፐርዲስክ ነው። ጥበቡ ዲስኩ ላይ የተቀረጹ መስመሮችን በጨረር እየተከተለ የማንበቢያውን ጭንቅላት መምራቱ ነው። በዚህ ምክንያት ፍሎፒ በአንድ ኢንች 135 ቀለበት በሚያሰፍርበት ቦታ እሱ 2,490 ያሰፍራል። ከዚህም በላይ አሮጌውን ፍሎፒ በዚያው ቀዳዳ ተቀብሎ ያነባል። ሆኖም ከዚፕ ዘግይቶ መጣ፤ በፍጥነትም ከዚፕ ያንሳል።

የዚያን ጊዜ ሸማች ሜጋባይት ከሜጋባይት ያወዳድር ነበር። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይህን ዲስክ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ይከፍተዋል? ሁለቱ ተተኪዎች ሲፎካከሩ ፍሎፒ በየቢሮው መሥራቱን የቀጠለው፣ ማንበቢያው በየኮምፒውተሩ ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የመጣው ፍላሽም መጀመሪያ ላይ 8 ሜጋባይት ብቻ ይይዝ ነበር፤ ከዚፕ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ያሸነፈው የሚሰካበት የዩኤስቢ ቀዳዳ በየማሽኑ ላይ እየተለመደ ስለመጣ ነው።

ቤትዎ የቆየ ዲስክ ካለ ይህን ዛሬም ያዩታል። በዩኤስቢ የሚሰካ የፍሎፒ ማንበቢያ አሁንም ይሸጣል፤ ለዚፕ ዲስክ ግን ራሱን የዚፕ ማንበቢያ ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል፤ እሱም አሮጌ ዕቃ ሆኗል። ፍሎፒውን ከማስገባትዎ በፊት ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ መስኮት ይክፈቷት፤ ክፍት ስትሆን ኮምፒውተሩ ምንም ሊጽፍበትም ሊያጠፋበትም አይችልም። ከዚያ የተገኘውን ሁሉ ይገልብጡ። የማግኔቱ ጽሑፍ በዕድሜ ብዛት ይደክማልና ለነገ አያሳድሩት።